«ልጄን ትመስያለሽ፤ ልጄ ግን አይደለሽም»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የአእምሮ ጤና

በየወሩ ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ጭንቀት፣ ስለ እንቅልፍ ማጣትና ስለ ድባቴ ናቸው። የዚህ ወር አራቱ ለየት ይላሉ። ሁሉም ጸሐፊዎች «እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼም አላውቅ» ብለው ነው የጀመሩት። ሌላ ሰው ቤት ገብቶ የማያውቅ የሚመስል ነገር የራሳችንን በር ሲያንኳኳ ማንን እንደምናማክር ይጨንቀናል። ግን እነዚህ ሕመሞች ስም አላቸው። ከመቶ ዓመት በላይ የሚታወቁ ናቸው። የሚደረግላቸው ነገርም አለ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያለሁ፤ የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚያሳብቅ ነገርም ቀይሬያለሁ።

«ሞቻለሁ፤ ለምን አትቀብሩኝም?»

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ታላቅ ወንድሜ 38 ዓመቱ ነው፤ መምህር ነበር። ከአምስት ወር በፊት ሥራውን ተወ፤ ሰው ማነጋገርም አቆመ። አሁን ደግሞ ‹እኔ ሞቻለሁ፤ አንጀቴ በስብሷል፤ ለሞተ ሰው ምን ምግብ ያስፈልገዋል› ይላል። ጊዜው ጾም ስለነበረ አለመብላቱን መጀመሪያ ልብ አላልነውም። ፋሲካ ካለፈ በኋላም ግን አልበላም። ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ውኃና አንዳንዴ ትንሽ አጥሚት ብቻ ነው የሚቀምሰው። አባታችን ጸበል ሊወስዱት አስበዋል። ምን ይሻላል?» — ከጎጃም

ወንድሜ፣ መልሱን ደብዳቤህ በደረሰኝ ቀን ልኬልሃለሁ። እዚህ የምደግመው ተመሳሳይ ነገር የገጠመው ሌላ ቤተሰብ ቢኖር ብዬ ነው። ዛሬ ነገ ሳትሉ ሆስፒታል ውሰዱት። ሦስት ሳምንት በወጉ ያልበላ ሰው ሰውነቱ ራሱ አደጋ ላይ ነው። በግድ ማጉረስም መፍትሔ አይሆንም። ለረጅም ጊዜ ያልበላ ሰው በአንዴ ብዙ ቢበላ በደሙ ውስጥ ያሉ ማዕድናት ይዛቡና ልቡን ሊጎዱት ይችላሉ። ምግቡ በሐኪም ዓይን ሥር ቀስ በቀስ መጀመር አለበት።

ሕመሙ የኮታር ሕመም ይባላል። ዡል ኮታር ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር። በ1880 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ስለ አንዲት የ43 ዓመት ሴት ለሙያ ጓደኞቹ ተናገረ። ሴትየዋ አንጎል የለኝም፣ ጨጓራ የለኝም፣ አንጀት የለኝም፣ የቀረኝ ቆዳና አጥንት ብቻ ነው ትል ነበር። ስለዚህ መብላት አያስፈልገኝም አለች። የወንድምህን ቃል ሳነብ ልዩነቱ ቋንቋው ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ ከዚህ ሕመም ጀርባ ያለው በጣም የከፋ ድባቴ ነው። ሰውዬው ከውስጡ ምንም አይሰማውም፤ ደስታም፣ ረሃብም፣ ሐዘንም እንኳ። አእምሮው ያንን ባዶነት ሲተረጉመው «ሞቻለሁ» የሚለው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ሟርት አይደለም፤ አፍህን ዝጋ ተብሎም አይተወውም። ድባቴውን በሚያክሙ መድኃኒቶች ይታከማል። ሁኔታው ሲከፋ ደግሞ በማደንዘዣ ተኝቶ በኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሕክምና አለ። ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ ይደነግጣል። ግን እንዲህ ምግብ እስከ መተው የደረሰን ሰው ፈጥኖ በመመለስ በኩል ከመድኃኒት የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

አንድ ነገር አደራ። «የሞተ ሰው ራሱን አይጎዳም» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ሞቻለሁ የሚል ሰው መሞቱን ለማረጋገጥ ብሎ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። ብቻውን አትተዉት።

አባታችሁ ጸበሉን እንዲተዉት አልልም። እምነታቸው ነው፤ ለልጃቸው ያላቸው ፍቅርም ነው። ግን መጀመሪያ ሆስፒታል ይሁን። ከዚያ ጸበሉ ይቀጥል፣ መድኃኒቱም ይቀጥል። በዚህ አቅሙ ጾም አይጨመርበት። አይታሰር፤ አይገረፍ።

እናቷ በስልክ የሚያውቋት ልጅ

«ሰላም ዶክተር። የምጽፍልዎት ከአዲስ አበባ ነው። ሪያድ ሰባት ዓመት ሠርቼ የተመለስኩት ባለፈው ዓመት ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ስመጣ አቅፋኝ አልቅሳ ነው የተቀበለችኝ፤ ለወራት ደህና ኖርን። አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ሳቀርብላት ትክ ብላ አይታኝ ‹አንቺ ማን ነሽ?› አለችኝ። ‹ልጅሽ ነኛ እማዬ› ስላት ‹ልጄን ትመስያለሽ፤ ልጄ ግን አይደለሽም። የት አደረግሻት?› አለች። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት አራት ቀን እንደዚያ ነው። ጎረቤቶቻችንን ግን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። አንዳንዴ ቤቱንም የኔ ቤት አይደለም ትላለች። ማታ ማታ ጓሮ ውስጥ ልጆች ቆመዋል ትላለች፤ እጇም መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ጭንቅ ሲለኝ አንድ ቀን ከማዕድ ቤት ሆኜ በሞባይል ደወልኩላት። ‹ውይ የኔ ልጅ! ነይልኝ እንጂ፤ እዚህ አንዲት ሴት ገብታብኛለች› ብላ አለቀሰች። እኔም እዚያው ምድጃው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰው ደግሞ ‹መተት ነው፤ ከዓረብ አገር ተከትሎሽ የመጣ ነገር ነው› ይለኛል። ጠልታኝ ነው? ሰባት ዓመት ትቻት ስለሄድኩ ተቀይማኝ ይሆን?»

እህቴ፣ እናትሽ አልጠሉሽም። ይህን ያልኩት አንቺን ለማጽናናት ብቻ አይደለም፤ ሕመሙ ራሱ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ትንሽ ታገሺኝና ላስረዳሽ።

ስሙ ካፕግራስ ይባላል። በ1923 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ዦዜፍ ካፕግራስና ዣን ርቡል-ላሾ የተባሉ ሐኪሞች ማዳም ኤም ብለው ስለጠሯት ሴት ጻፉ። ባሌንና ልጆቼን ወስደው በምትካቸው መሳዮቻቸውን አመጡብኝ ትል ነበር። ያኔ ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም። በኋላ ግን ጥሩ ፍንጭ ተገኘ።

የምናውቀውን ሰው ስናይ አንጎላችን ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው መልኩን መለየት ነው። ሁለተኛው በአንጀታችን የምናውቀው ነው። ልጃችን ከበር ስትገባ ሳናስበው ውስጣችን ሙቀት የሚሰማው፣ «የኔ ናት» የሚለን ስሜት። ሀዲን ኤሊስና አንድሩ ያንግ የተባሉ ብሪታንያውያን ተመራማሪዎች በ1990 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ እንዲህ ነው፦ በካፕግራስ መልክ መለየቱ ይሠራል፤ ስሜቱን የሚያመጣው መንገድ ግን ተቋርጧል። ሰውዬው የልጁን ፊት ያያል፤ አፍንጫው ያው፣ ዓይኑ ያው። ግን ያ ሙቀት አይመጣም። ታዲያ አእምሮ ምን ይበል? «መልኳ እሷ ናት፤ ስሜቱ ግን የሷ አይደለም፤ እንግዲያው መሳይ ናት» ይላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቆዳን ላብ በመሣሪያ ለኩ። ጤነኛ ሰው የሚያውቀውን ፊት ሲያይ እጁ በጥቂቱ ያልበዋል፤ ራሱ እንኳ አያስተውለውም። ካፕግራስ ባለባቸው ሰዎች ግን የሚያውቁት ፊትና የማያውቁት ፊት ቆዳቸው ላይ ለውጥ አላመጣም። የዚህ ግልባጭ የሆነ ችግርም አለ። የገዛ ልጃቸውን ፊት መለየት ያቃታቸው፣ ቆዳቸው ግን ልጁን የሚያውቀው ሰዎች አሉ።

አሁን የራስሽን ጥያቄ ተመልሰሽ እይው። ጎረቤቶችን ለምን አልተጠራጠሩም? ጎረቤት ሲታይ ብዙ ሙቀት አይጠበቅማ። የጎደለው የሚታወቀው መብዛት በነበረበት ቦታ ነው። ካፕግራስ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ባልን፣ ሚስትን፣ ልጅን፣ እናትን ነው። እናትሽ አንቺን የሚጠራጠሩት ከሁሉም በላይ የሚሰማቸው ላንቺ ስለነበረ ነው።

ስልኩም እንቆቅልሽ አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. ዊሊያም ሂርስታይንና ራማቻንድራን የተባሉ ተመራማሪዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ስለ አንድ ብራዚላዊ ወጣት ጽፈዋል። በመኪና አደጋ ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ ወላጆቹን «አስመሳዮች» ይላቸው ነበር። አባቱ በስልክ ሲያናግሩት ግን ወዲያው ያውቃቸዋል። ድምፅ ወደ ስሜት የሚሄድበት መንገድ ከፊት መንገድ የተለየ ነው። የፊቱ ሲቋረጥ የድምፁ ሊተርፍ ይችላል። ሰባት ዓመት በስልክ ነው የኖራችሁት፤ ያ መንገድ እናትሽ ዘንድ አሁንም አለ።

ወደ ሕክምናው ልምጣ። በአረጋውያን ላይ ካፕግራስ ብዙ ጊዜ የመርሳት በሽታ ምልክት ነው። ደብዳቤሽ ላይ ያሉት ሌሎች ነገሮች፣ ማለትም ልጆች ማየታቸው፣ የእጅ መንቀጥቀጡ፣ አንድ ቀን ደህና አንድ ቀን መባሳቸው፣ ሌዊ ቦዲ የሚባለውን የመርሳት በሽታ ያስጠረጥረኛል። ሳላያቸው ይህ ነው ማለት አልችልም። ሐኪሙ ዘንድ ስትሄጂ ግን እነዚህን ሁሉ ንገሪው፤ በእንቅልፍ ልባቸው የሚጮኹና የሚራገጡ ከሆነም ጨምሪ። ይህ ለምን አስፈለገ? ለቅዠት፣ ማለትም የሌለ ነገር ለማየት፣ እና ለጥርጣሬ በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ በተለይ ሃሎፔሪዶል፣ ሌዊ ቦዲ ያለበትን ሰው ክፉኛ ሊጎዱት ይችላሉ። ሰውነት ድርቅ ይላል፤ ለሕይወትም ያሰጋል። ከሰው ተቀብለሽ ወይም ፋርማሲ ጠይቀሽ ምንም ነገር እንዳትሰጫቸው። እንደ ዶኔፔዚል ያሉ ቅዠቱንም ግራ መጋባቱንም ለአንዳንዶች የሚያቀሉ መድኃኒቶች አሉ። ከሥር አይነቅሉትም፤ ግን ቀኑን ያቀሉታል።

ሐኪሙ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ቢያዝ አትገረሚ። በዚህ ዕድሜ አንድ ተራ ኢንፌክሽን ሰውን ሊያቃዠው ይችላል። ዓይናቸውም ይታይ። ጥቁር አንበሳ የነርቭ ሐኪሞች አሉ፤ አማኑኤል ደግሞ ሳይካትሪስቶች አሉ። ከአንዱ ጀምሪ።

ቤት ውስጥስ? መጀመሪያ ነገር፣ አትከራከሪ። እኔ ሥራ ስጀምር አንድ ሽማግሌ «ይህች ሚስቴ አይደለችም» ሲሉኝ መታወቂያዋን፣ የሠርጋቸውን ፎቶ፣ ምን ያላሳየኋቸው ነገር አለ። እሳቸውም ረጋ ብለው «አየህ፣ እንዴት አድርገው እንዳዘጋጇት» አሉኝ። ያን ቀን ማስረጃዬ ሁሉ ለጥርጣሬያቸው ማገዶ ነው የሆነው። ሚስታቸው ጥግ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

ይልቅ ድምፅሽን አስቀድሚ። ገና በር ላይ ሳለሽ፣ ሳያዩሽ፣ «እማዬ፣ መጣሁልሽ፤ ቡና ላፍላልሽ?» እያልሽ ግቢ። በስልክ የምትጠሪያቸው ሌላ ስም ካለ እሱን ተጠቀሚ። ካላወቁሽ ውጪና ጥቂት ቆይተሽ እንደገና በድምፅ ግቢ። ክፉ ቀን ከሆነ ከማዕድ ቤት መደወሉም ነውር የለውም። እሳቸው «ልጄ የት አለች?» ሲሉሽ «ልጅሽ ደህና ናት፤ በጣም ትወድሻለች፤ እኔ ደግሞ ላግዝሽ ነው ያለሁት» በያቸው። ከዚህ ውስጥ አንዷም ቃል ውሸት የለባትም።

ግን ተጠንቀቂ። እናትሽ በዚያች ሰዓት ልጃቸው የጠፋችባቸውና ባዕድ ሰው ቤታቸው የገባባቸው እናት ናቸው። የፈራ ሰው ሊመታ ይችላል። ቢላውና ዘነዘናው ዓይን የማያርፍበት ቦታ ይቀመጥ። ሲቆጡ በር ላይ ቆመሽ መንገድ አትዝጊ። ካንቺ እጅ አልበላም ካሉ የሚያምኑት ጎረቤት ያቅርብላቸው። ለውጡ በቀናት ውስጥ ድንገት ከባሰ፣ ወይም ትኩሳት ካለ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

መተት ለሚሉሽ ሰዎች ብዙ መልስ አትፈልጊ። በሽታው ከሪያድ አልመጣም። ባትሄጂም ይመጣ ነበር። ያንቺ እጅ የለበትም። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው አብሯቸው ይዋልና አንቺ ውጪ፤ እየኖረች ያለች እናት እንደጠፋች ማልቀስ ሰውን ይጨርሳል። እስቲ ሐኪሙ ያለሽን ጻፊልኝ።

«ዘፋኙ ይወደኛል»

«ባልደረባዬ አንድ ታዋቂ ዘፋኝ በዘፈኖቹ መልእክት እንደሚልክላት ታምናለች። ተገናኝተው አያውቁም። ቤቱ ድረስ ሦስት ጊዜ ሄዳለች። ዘበኛው ሲመልሳት ‹ለሰው እንዳይታወቅ ብሎ ነው› ትላለች። እንሳቅ ወይስ እንቆጣት?»

አትሳቁ፤ አትቆጧትም። ይህ የአድናቂ ፍቅር አይደለም። ደ ክሌራምቦ የተባለ ፈረንሳዊ ሳይካትሪስት በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰፊው የጻፈበት፣ ኤሮቶማኒያ የሚባል ሕመም ነው። ከታካሚዎቹ አንዷ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ይወደኛል ትል ነበር። ለንደን ድረስ ሄዳ በበኪንግሃም ቤተ መንግሥት ደጃፍ ትቆማለች፤ የመስኮቱ መጋረጃ ሲወዛወዝ ከንጉሡ የተላከ ምልክት ነው ትላለች። ልብ በሉ፤ «አልወድሽም» የሚለው ቃልም ቢመጣ የፍቅር ምሥጢር ሆኖ ነው የሚተረጎመው። ስለዚህ በክርክር አይፈታም። ይልቅ እንቅልፏን፣ ብቸኝነቷን፣ ድካሟን አንሱና «ሐኪም እናማክር፤ አብሬሽ እሄዳለሁ» በሏት። ለእህቷ ወይም ለእናቷ በግል ንገሩ፤ ለቢሮው ሁሉ ግን አይወራ።

ከሻሹ ሥር

«20 ዓመቴ ነው፤ ሐዋሳ ነው የምማረው። ከ13 ዓመቴ ጀምሮ ፀጉሬን እነጫለሁ። ሳጠና፣ ስጨነቅ፣ ሲደብረኝም። አንዳንዴ እጄ መሄዱን የማውቀው ጠረጴዛው ላይ ፀጉር ሳይ ነው። መሐል አናቴ ላይ መላጣ ሆኗል። ሁልጊዜ ሻሽ አስራለሁ፤ ፀጉር ቤት ገብቼ አላውቅም። እናቴ ለእህቴ ሠርግ ሹሩባ ካልተሠራሽ እያለች ነው። ማንም አያውቅም። አብጄ ነው?»

አላበድሽም። እህቴ፣ እንዳንቺ ያለ ሰው እኔ እንኳ በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ፤ ሁሉም «እኔ ብቻ ነኝ» ይላሉ። ትሪኮቲሎማኒያ ይባላል። ስሙን ያወጣለት አሎፖ የተባለ ፈረንሳዊ የቆዳ ሐኪም ነው፤ በ1889 እ.ኤ.አ.። ከመቶ ሰው አንድ ሁለቱን እንደሚይዝ ይገመታል። አብዛኛው ሰው ግን እንዳንቺው ስለሚደብቀው አይታወቅም። መጥፎ ጠባይ ወይም የፈቃድ ማነስ አይደለም። «ተዪ» በመባል የሚተው ቢሆን ኖሮ ሰባት ዓመት አትሰቃዪበትም ነበር።

ከመድኃኒት ይልቅ ጥሩ ውጤት የሚሰጠው የልማድ መቀየሪያ የሚባለው ሥልጠና ነው። አዝሪንና ነን የተባሉ አሜሪካውያን በ1973 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ለሁለት ሳምንት እጅሽ መቼና የት ወደ ራስሽ እንደሚሄድ በትንሽ ደብተር መዝግቢ። አልጋ ላይ? ንባብ ላይ? ከማን ጋር ተጣልተሽ? ከዚያ እጅሽ መነሣት ሲጀምር ጡጫ ጨብጠሽ ክንድሽን ከጎንሽ አጣብቀሽ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቆዪ፤ ግፊቱ እስኪበርድ። በምታጠኚበት ሰዓት አውራ ጣትሽና ሌባ ጣትሽ ላይ ፕላስተር ለጥፊ። ፀጉሩ በጣትሽ አይያዝልሽም፤ እጅሽም ይነቃል። ይህን በሚገባ የሚያሠራሽ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፤ ግቢያችሁ ውስጥ የምክር አገልግሎት ካለ ከዚያ ጀምሪ። ድባቴ ወይም ከባድ ጭንቀት አብሮ ካለ እሱም መታከም አለበት።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የነጨሽውን ፀጉር ትውጪዋለሽ? አዎ ከሆነ መልስሽ፣ በተለይ ሆድሽን የሚያምሽ ወይም የሚያስመልስሽ ከሆነ፣ ለሐኪም ሳታፍሪ ተናገሪ። ፀጉር ጨጓራ ውስጥ አይፈጭም፤ ተጠቅልሎ ሊዘጋ ይችላል።

መንጨቱ ሲቀንስ ፀጉሩ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ለሠርጉ ግን አይደርስም። ስለዚህ እናትሽ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ሹሩባ የምትሠራዋ ሴት ፊት፣ ድንገት ከሚያዩት ካንቺ አፍ ይስሙት። መጀመሪያ ቢቆጡ አትገረሚ፤ ድንጋጤ ነው። ይህን ገጽ አብራችሁ አንብቡት ከፈለግሽ። ቤት ስትሄጂ አንድ ምሽት ምረጪና፣ እህትሽ ሳትኖር፣ በሩን ዝጊና ሻሹን ለእሳቸው ብቻ ፍቺው።